ደረጃው ላይ የሰፋንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ጨርቅ ልገዛ ከልጄ ጋር ወደ ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ስንሄድ፣ ታክሲያችንን ዱርንፎንቴን ላይ መብራት ያዘው። ቀና ስል ያ ሕንፃ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮቶቹ አዲስ ናቸው፣ ከታች የጸጉር ቤት ተከፍቶበታል። አንደኛ ክፍል የገባችው ልጄ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ "ማሚ፣ ምን እያየሽ ነው?" አለችኝ።

"ዳዴ ማለት የጀመርሽው እዚህ ቤት ነው" አልኳት። አላመነችኝም። እሷ የምታውቀው የጀርሚስተኑን ቤታችንን ብቻ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከሆሳዕና ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ባለቤቴ ታምራት ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ነበረው። ስፓዛ እዚህ አገር የሰፈር ትንሽ ሱቅ ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ ሻማና የስልክ ካርድ እንሸጣለን፣ ከጀርባው ባለች አንዲት ክፍል እንተኛለን። ዙሉኛ የለመድኩት ከዚያ ሱቅ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ነው። ስሳሳት ደንበኞቼ ይስቁብኛል፣ እየሳቁም ያርሙኛል።

ከዚያ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው በሽታ መጣ። ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ፤ እኛም ፈቃድ የላችሁም ተብለን ሱቁን ዘጋን። በሁለተኛው ሳምንት ዘራፊዎች ጣሪያውን ገንጥለው ገቡና ዕቃውን ሙልጭ አድርገው ወሰዱት። ፍሪጁ እንኳ አልቀረም። በማግስቱ የቦታው ባለቤት ጠራንና ለሌላ ሰው እንዳከራየው ነገረን። እኔ የአምስት ወር ልጄን አዝዬ፣ ታምራት ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ድስት ይዞ አስፋልት ዳር ቆምን። ላገር ልጆች ቢደውል ግማሾቹ እንደኛው ተዘርፈዋል።

ስላገር ልጆች ማኅበር የነገረን ከእነሱ አንዱ ነው። ማኅበሩን ያቋቋሙት ጀርሚስተን ያሉ ያገራችን ነጋዴዎች ናቸው፤ ሥራውም ሰው ሲሞት ሬሳውን አገር ቤት መላክ ነበር። የስልጤው ሙስሊምም፣ የሀዲያና የከምባታው ጴንጤም አብረው ያዋጣሉ። በዚያ ሰሞን ግን አውሮፕላን ቆሞ ሬሳ የሚሄድበት መንገድ ጠፋ፤ በቁሙ የሚራበው ደግሞ በየቀኑ በዛ። ይህን ጊዜ ነው እትዬ ዘይነባ የተነሱት።

እትዬ ዘይነባ የወራቤ ሰው ናቸው። ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ ይሸጣሉ፣ ያኔ አምሳን አልፈው ነበር። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ሲናገሩ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። በስብሰባው ላይ፣ "ሰው ሲሞት ተሯሩጠን እንሰበሰባለን። ሳይሞት ብንሰበሰብ ምን አለበት?" ብለው ጠየቁ አሉ። ሽማግሌዎቹ ደንቡ አይፈቅድም አሏቸው። "ደንቡን የጻፍነው እኛው አይደለንም እንዴ? እንቀይረዋ" አሉ። ተቀየረ።

እንዲህ ነው ማኅበሩ የዚያን ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ተከራይቶ ስምንት ቤተሰብ ያስገባው። ዱቄትና ዘይት ይመጣልናል። የነጭ በቆሎ ገንፎውን፣ ፓፕ የሚሉትን፣ በሽሮ እየበላን ከረምን። መጀመሪያ ያስቃል፤ በኋላ ይለመዳል፤ አሁንም አንዳንዴ ያምረኛል። በሳምንቱ እትዬ ዘይነባ በእጅ የሚዞሩ ስድስት አሮጌ የስፌት መኪናዎች አስጭነው መጡ። "ዱቄቱ ያልቃል፤ ይቺን ተማሩ" አሉን። በእሳቸው አንሶላ ማስክ እየሰፋን ታክሲ ተራ መሸጥ ጀመርን። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከስምንቱ ቤት አምስቱ ዱቄት መቀበል አቆሙ። አንዷ እኔ ነበርኩ። "ለሌላ ይሁን" ያልኩበትን ቀን አልረሳውም። ደረቴን ነፍቼ ነው ደረጃውን የወጣሁት።

የጆሃንስበርግ ሰኔ ዝናብ የለውም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ ግን አጥንት የሚሰብር ነው። ሰው መንገድ ዳር በተበሳሳ ቆርቆሮ ከሰል አንድዶ ይሞቃል፣ ጢሱም ልብስ ላይ ያድራል። በዚያ ብርድ አንድ ሰኞ የሕንፃው ኪራይ ሰብሳቢ መጣ። ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ የሰው ዓይን የማያይ ሰው ነበር። ኪራዩ ተከፍሏል። እሱ ግን፣ "የውጭ ሰዎች በሽታ እያመጣችሁ ነው ተብሏል። እስከ ዓርብ ትለቃላችሁ" አለንና ሲወርድ ውሃውን ዘጋው።

ታምራት ልብስ መሰብሰብ ጀመረ። "የሰው አገር ነው፣ ምን እናደርጋለን?" አለ። እኔም ድስቱን አነሳሁ። እትዬ ዘይነባ ወሬውን ሰምተው ደረሱ፤ በራችን ላይ ቆመው ድስቱን አዩት።

"የት ልትሄዱ ነው?" አሉን።

እሳቸውም ቀጠሉ።

"ከሱቁ አስወጧችሁ። ዛሬ ከዚህ ትወጣላችሁ። ከዚያስ ቀጥሎ ከየት ነው የምትወጡት?"

ድስቱን መልሼ አስቀመጥኩት። እሳቸው ለሚያውቋት ጠበቃ ደወሉ። ጠበቃዋም በዚህ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንንም ከቤቱ ማስወጣት ክልክል እንደሆነ፣ ወረቀት ሳናይ እንዳንነቃነቅ ነገረችን።

ዓርብ ጠዋት ኪራይ ሰብሳቢው መዶሻና የብረት ዘንግ የያዙ አምስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ወረቀት አልያዘም። ሰዎቹ ከእኛ ጋር አልተጨቃጨቁም፤ በቀጥታ በሮቹን ከነማጠፊያቸው መንቀል ጀመሩ። እኛ ሳናስብ አራት በር ተነቀለ። ሦስተኛው የኔ ነበር። ብርዱ ገባ፣ ልጄ አለቀሰች። መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው፤ አልጋዬ፣ የታጠበ ጨርቄ፣ ሁሉ ነገሬ ለወጪ ገቢው ታየ። ወዲያው ግን እፍረቱ ወደ ንዴት ዞረ። አጥፍቼ አይደለም፣ ታዲያ እኔ ምን ያሳፍረኛል?

እትዬ ዘይነባ፣ "መኪናችሁን አንሱ" አሉ።

ሕንፃው አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ስድስቱን የስፌት መኪና አውጥተን ከላይ እስከ ታች ደረጃው ላይ ደረደርናቸው፣ ከየመኪናው ጀርባ አንድ አንድ ሴት ተቀመጠች። "ርቀታችሁን ጠብቁ ተብሏል" አለች አንዷ፤ በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቅን። ከዚያ እጀታውን እያዞርን መስፋት ጀመርን። ሰዎቹ በሮቹን ተሸክመው ሊወርዱ ቢሉ መሄጃ የለም።

"ተነሱ" ብሎ ጮኸ ኪራይ ሰብሳቢው ከታች።

ዙሉኛ የምችለው እኔ ነበርኩና፣ "አሲሃምቢ" አልኩት። አንሄድም ማለት ነው። ከኋላዬ ያለችው ደገመችው፣ ቀጣይዋም ቀጠለች።

ይህን ጊዜ ከሦስተኛ ፎቅ ጎጎ ወረዱ። ጎጎ በዙሉኛ አያት ማለት ነው፤ በሌላ ስም የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። በዚያ ሕንፃ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ኮፍያ እየሠሩ የሚሸጡ ያገሩ ተወላጅ ናቸው። ወንበር ይዘው መጡና ከእኔ በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ ተቀመጡ። መታወቂያቸውን ከጡታቸው ሥር አውጥተው ወደ ታች አሳዩት። "የኔንም በር ንቀል" አሉት። "እኔንስ ወደ የት አገር ልትመልሰኝ ነው?" ሰውየው ስልኩን እየነካካ ወጣ።

ሰዎቹ በሮቹን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆሙ። በዕድሜ ጠና ያለውን፣ "ባባ፣ ማን ልኮህ ነው?" አልኩት።

"ከመንገድ ነው ያነሳን። የበር ሥራ አለ ብሎ" አለኝ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፓፑ ወጣ። እትዬ ዘይነባ፣ "ለእነሱም ስጧቸው" አሉ።

"በሬን ለነቀለ ሰው?" አለች አንዷ ጎረቤቴ።

"እስቲ እዪው። እሱ ራሱ በር ያለው ይመስልሻል?" አሏት።

አራቱ በሉ። አንዱ እምቢ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ስለ እሱ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኪራይ ሰብሳቢው ሁለት ፖሊሶች ይዞ ተመለሰ። አንደኛው ፖሊስ ደረጃውን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ ዞሮ "ወረቀቱስ?" አለው። ሰውየው የሕንፃው ባለቤት ይዘውታል አለ። እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን ዘረጉ፤ ጠበቃዋ በድምፅ ማጉያው ሕጉን አነበበች። ፖሊሱ ሰምቶ ሲጨርስ፣ "በሮቹ ይመለሱ" አለ። የነቀሉት ሰዎች ራሳቸው ገጠሙልን። የኛው ግን ከዚያ ወዲያ በደንብ ተዘግቶ አያውቅም።

ውሃው ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ቆየ። ሁለት መንገድ ተሻግረን ከሰፈሩ መስጊድ ቧንቧ በጄሪካን እየቀዳን በዚያው ደረጃ ወጣን። እኛ ጴንጤዎቹ ሁሉ ኢማሙን በስም አወቅናቸው።

ሁሉም ነገር ደግ ሆነ አልልም። በበጋው ከስምንቱ ቤት አንዱን አባወራ በሽታው ወሰደው፤ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ከእኛ ጋር ቀሩ። አንድ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ አገር ቤት ገባ። የቀረነው ሰባት ቤተሰቦች ግን በዓመት ውስጥ በየራሳችን ጊዜ፣ ዕቃችንን በራሳችን እጅ ጭነን ወጣን። ሁለቱ ካትሌሆንግ ተመልሰው ሱቅ ከፈቱ። እኔና ታምራት ዛሬ ጀርሚስተን የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። እትዬ ዘይነባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ስብሰባ ግን አይቀሩም።

ባለፈው ሳምንት ጨርቁን ይዤ ስመለስ ሕንፃውን እንዳየሁት ለታምራት ነገርኩት። ኮት እየተኮሰ ነበር።

"ተይው፣ አለፈ እኮ" አለኝ።

"እኛ አሳለፍነው እንጂ፣ እሱማ መች ያልፍ ነበር" አልኩት።

ካውያውን አቆመ። ከዚያ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።