ዕረፍት ነው፣ አክስቴ

ከስልክ የመራቅን ጥቅም የተማርኩት ከስልኬ ነው። አንዱ ጫካ ውስጥ ጎጆ ተከራይቶ «አእምሮዬ ታደሰ» ሲል በቪዲዮ አየሁና ቀናሁ። እኔን ምን ኪራይ አስከፈለኝ፤ እስቴ ወረዳ ገጠር ውስጥ ባለጎጆ አክስት አሉኝ። ለማንም ሳልናገር ስልኬን አጥፍቼ ሄድኩ።

የወረዳው ከተማ መካነ ኢየሱስ አድሬ፣ የገጠሩ ጸጥታ እንዳያመልጠኝ ገና ሳይነጋ በእግሬ ገሰገስኩና ጎህ ሲቀድ ደጃቸው ደረስኩ።

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ማለዳ ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ ደንግጠው።

«ዕረፍት ነው፣ አክስቴ» አልኳቸው። ከዚያም መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ ቪዲዮው እንዳስተማረኝ ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ ተነፈስኩ።

በእኛ አገር በማለዳ መጥቶ፣ «ዕረፍት» ብሎ፣ በረጅሙ የሚተነፍስ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። እኔ ከተማ ከርሜ ረስቼዋለሁ። አክስቴ «ማነው ያረፈብኝ?» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ጎረቤቱ እያለቀሰ ግቢውን ሞላው። ማንም አልሞተም ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ! ስልኬ ጠፍቶ መገኘቱ ራሱ «መርዶ ሊደብቀን ነው» አሰኝቶ ምስክር ሆነብኝ።

ስለዚህ ስልኬን ከፍቼ፣ ለቀስተኛውን አስከትዬ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁ። በሕይወት መኖራቸውን ሁሉም በጆሮው እንዲሰማ ለዘመዶቻችን በየተራ እየደወልኩ በስፒከር አስደመጥኩ። ቀኑ በዚሁ አለቀ። በመጨረሻ የደወልኩላቸው ንፋስ መውጫ ያሉት አጎቴ ግን «ሳይጠየቅ ‹ሁሉም ደህና ነው› የሚል ሰው አላምንም፤ ደብቃችሁኝ ነው፣ መጣሁ!» ብለው ስልካቸውን አጠፉት።

ያን ቀን ከዘመዱ ሁሉ ከስልክ የራቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።