የወንድሜ የያርጋል ተራ

ወንድሜ ያርጋል ቆላ የወረደው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። መሬት ለአራሹ በታወጀ ጊዜ በመንደራችን መሬት የተደለደለው በቤተሰብ ቁጥር ነበርና፣ ሚስት ላላገባው ለያርጋል የደረሰችው ከገደል አፋፍ ላይ ያለች ድንጋያማ ቁራጭ ናት። ሦስት ዓመት ታገላት። ከሊማሊሞ በታች፣ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጫካ መንጥሮ ለሚያርስ ሰው መሬት ይሰጣል ሲባል ሰማ።

«እታለም፣ እዚህ ድንጋይ ስለቅም ከማረጅ እዚያ ግራር ብቆርጥ ይሻለኛል» አለኝ። አንድ በሬ፣ አንድ መጥረቢያና ግማሽ ስልቻ የገብስ ዘር ይዞ ወረደ። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እስከ አፋፉ ሸኝቼው ወደ ደባርቅ ቤቴ ስመለስ፣ የበሬው ኮቴ ከጠመዝማዛው መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ ይሰማኝ ነበር።

ቤቱን እንደ አገራችን ቤት ሠራው። ግድግዳውን በድንጋይ አወፈረ፣ በሩን አሳነሰ፣ መስኮት ነፈገው። ብርድ እንዳይገባ ማለቱ ነው። የቆላው ሙቀት ገብቶ መውጫ አጣ። ያርጋልም ውጭ ተኛ። ገብሱንም ዘራ። ገብሱ በዝናቡ ጊዜ አምሮ በቀለ፤ ፀሐይ ስትጠና ግን ሳያፈራ ነደደ።

ከወንዙ ማዶ አለነ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከበለጠችና ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖራል። እሱም አንድ በሬ ነበረውና ከያርጋል ጋር ይቀናጃሉ። የነደደውን ማሳ አይቶ፣ «ሓወይ፣ ገብስህ አገሩ ናፍቆት ሄዷል» አለው። ወንድሜ ማለቱ ነው፤ ትግርኛና አማርኛ ደባልቆ የሚናገር ሰው ነው። በማግሥቱ የማሽላ ዘር በቁና አመጣለት።

ከአለነ ሌላ በአካባቢው ሰው አልነበረም። በመንደራችን አንድ ሰው ከጉብታ ላይ ቢጣራ አቤት የሚለው አያጣም። ያርጋል ጧት ወጥቶ ሲጣራ የሚመልስለት ገደሉ ብቻ ነበር። ከደጁ ሆኖ ሽቅብ ሲያይ ደመና ያረፈበት አፋፍ ይታየዋል፤ «እዚያ ነው ሰው ያለኝ» ይለዋል በሬውን። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እየሳቀ ነበር የነገረኝ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሰው አለኝ የሚለው የሚካኤል ማኅበሩን ነው። ዐሥራ ሁለት ሆነው በየወሩ በዐሥራ ሁለት ቀን ይጠጣሉ፤ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ቤቱ ወስዶ ያኖራል። አባታችን ሲሞት የተካው ያርጋል ነው። የ፸፩ ክረምት እንዳለፈ፣ በጥቅምት ሽቅብ መጥቶ የኅዳርን ተራ ተቀበለ፤ ጽዋዋን በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ ወረደ። ሁላችንም ድግሱን መጥቶ በእኔ ቤት ያደርገዋል ብለን ነበር።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ የመኪና ረዳት ደብዳቤ ሰጠኝ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ የጻፈለት ነው። ፊደል የቆጠርሁት በዚያው ክረምት፣ በመሠረተ ትምህርት ነበርና ጣቴን እያስኬድሁ አነበብሁት። «ማሽላው ሊደርስ ነው። አንድ ቀን ዘወር ብል ዝንጀሮ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የኅዳር ሚካኤልን እዚሁ ቤቴ አወጣለሁ። ማኅበርተኞቹ ውረዱልኝ።»

ደብዳቤውን ይዤ የማኅበሩ አባት ወደሆኑት ወደ መምሬ ወልደ ገብርኤል ሄድሁ። ሰዎቹ ተሰበሰቡ።

«ቆላ?» አሉ አያ ሻረው። «ጠላውን ጠጥተን ንዳዱን ተሸክመን ልንመለስ?»

«ደግሞ ለዐሥራ አንድ ሰው የይለፍ ወረቀት ማን ይጽፋል» አለ ሌላው። «ኬላ ላይ የት ትሄዳላችሁ ሲሉን፣ ጠላ ልንጠጣ ልንል ነው?»

«በመቋሚያዬ ተደግፌ እንኳ የምወርደው ቁልቁለት አይደለም» አሉ መምሬ። ቀጠሉም፣ «ልጁ አልበደለም። ግን ጽዋ ከደብሩ ርቆ አይከርምም። ስንቅነሽ፣ ልጄ፣ አንቺ ውረጂና ይዘሽልን ነይ። ተራውን ለሌላ እንሰጣለን።»

«ተራውን ብቻ ነው አባቴ፣ ወይስ ስፍራውንም?» አልኋቸው።

መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። አያ ሻረው መሬት መሬት አዩ። መልሱ ገባኝ።

የወረድሁት የበዓሉ ዕለት ነው። ከጭነት መኪናው ወርጄ በእግሬ ስደርስ ፀሐይዋ ከአናት ላይ ነበረች። ያርጋል ማሽላ ከሚጠብቅበት ማማ ላይ ወንጭፉን ይዞ ቆሟል። ያጠበው ጋቢ ለብሷል፤ በዚያ ሙቀት። አየኝና ዘሎ ወረደ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ እንዳለ ዐይኑ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ይፈልግ ነበር።

«ሌሎቹ ዘገዩ» አለ።

እጄን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝ። ዐሥራ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ በግድግዳው ዙሪያ ደርድሮ ሣር አልብሷቸዋል። በየድንጋዩ ፊት አንድ አንድ ቅል ተቀምጧል። ጋኑ ተከድኗል። ዳቦውን ራሱ ስለጋገረው አንድ ጎኑ አሯል፤ ያረረውን ወደ ግድግዳው አዙሮታል። ጽዋዋ ከመሶቡ ላይ ናት።

«የመምሬ ይኼኛው ነው» አለ ሰፊውን ድንጋይ እየነካ። «እግራቸውን ስለሚያማቸው አስፍቼዋለሁ።»

እንዴት ብዬ ልንገረው። «አይመጡም» አልሁት። «ጽዋውን ይዘሽ ነይ ብለውኛል።»

ጋቢውን አውልቆ አጣጠፈና ከመምሬ ድንጋይ ላይ አኖረው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ማማው ተመለሰ። ወንጭፉ ሲጮህ እሰማለሁ፤ ብመለከት አንድም ዝንጀሮ የለም።

የጋኑን ክዳን አነሣሁ። ጥሩ ጠላ ነው፤ የወንድ እጅ አይደለም። ወጣሁና ከማማው ሥር ቆሜ፣ «ማን ጠመቀልህ?» አልሁት።

«በለጠች።»

«ታዲያ የት አሉ?»

«እነሱማ ማኅበርተኛ አይደሉም» አለ።

ወደ ማዶ አየሁ። አለነ ከደጁ ቁጭ ብሎ የገመድ ጫፍ ይገምዳል። ሚስቱና እናቱ አጠገቡ ናቸው። ሦስቱም ወደዚህ አያዩም፤ እንዳላዩ ለመሆን የሚደክም ሰው እንደሚያደርገው።

«ያርጋል፣ በበሬው አርሰሃል፤ ዘሩን ዘርተሃል፤ ሚስቱ ጠምቃልሃለች። ጠርተኸዋል?»

ወንድሜ ወንጭፉን ጉልበቱ ላይ አኖረው። ከዚያ ቆመና በሁለት እጁ አፉን ከቦ ወደ ማዶ ተጣራ። ገደሉ መለሰ፤ ቀጥሎ ግን የሰው ድምፅ አቤት አለ።

መጡ። አሮጊቷ በለጠችን ተደግፈው ወንዙን ተሻገሩ። አለነ ከበሩ ላይ አጎንብሶ ሲገባ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼ ደገኛ መቼ ይጠራን ይሆን እንል ነበር። ለካስ የበርህ ቁመት እስኪያሳጥረን እየጠበቅህ ነው» አለው። አሮጊቷ ከመምሬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዐሥራ ሁለቱ መቀመጫ አምስቱ ሞላ። ካህን አልነበረም፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ዳቦውን አሮጊቷ ቆረሱት። ያረረውን ጎን መርጠው ወሰዱና፣ «ጥርስ ላለው ለስላሳው ይሁን» አሉ። ጥርስ የላቸውም ነበር።

በማግሥቱ ያርጋል ጽዋዋን ራሱ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «እንዳትሰብሪያት፣ እታለም» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እስከ መንገዱ እንኳ አልሸኘኝም፤ ወፍ መጥቶበት ነበር። ሊማሊሞን ስወጣ ያቺ ትንሽ ሸክላ ከብዳኝ ነበር። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ተሰብራለች ማለትም እችል ነበር። አላልሁም፤ አድርሼ አስረከብሁ። በሳምንቱ በያርጋል ስፍራ ሌላ ሰው ገባ።

በዓመቱ ስወርድ ግድግዳውን አፍርሶ በጭራሮ ሠርቶታል፤ ነፋስ ይገባል። ከመሶቡ ላይ፣ ጽዋዋ በነበረችበት፣ በጨርቅ የተከደነ ቅል አየሁ። አንድ አዲስ ሰው ከወንዙ ታች ሰፍሮ ሦስት ቤት ሆነዋል።

«ሦስት ሆነን የሚካኤል ተራው እንደ ግብር ነው የሚደርስብን፤ በለጠች ከጋን ሥር አልተነሣችም» ብሎ ያርጋል አማረረልኝ።

ድንጋዮቹ ግን ዐሥራ ሁለቱም እንደተደረደሩ ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ ዶሮ ተኝታለች። አንሣቸው ስለው፣ «ይቆዩ፤ ከላይ ሰው የመጣ እንደሆነ» አለና ሰፊውን በእጁ ጠረገው።