እትዬ ቀለምና የእህቷ ሰማይ

እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። የእኔንና የእትዬ ቀለምን ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ፣ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ እትዬ ቀለም ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ስትሠራ ኖራለች፦ ልብን ከነአራት ክፍሉ፣ አበባን ከነሥሩ፣ ከአሮጌ ጋዜጣና ከሙጫ ያበጀችውን የምድር ሉል። በዚያ ግቢ ያለፈ ልጅ ኩላሊቱን መጀመሪያ ያየው በእሷ እጅ ተሥሎ ነው።

ታናሽ እህቷን በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጣታለች። ቤተሰቡ ሚጡ ይላታል፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቷትም ያው ሚጡ ናት። አዝላ ያሳደገቻትም፣ እርሳስ አያያዝ ያስተማረቻትም እትዬ ቀለም ናት። ሚጡ የኮምፒውተር መምህርት ሆና እዚሁ ስትቀጠር፣ እትዬ ቀለም በየቢሮው እየዞረች «እህቴ ናት፣ እህቴ ናት» ስትል ያየ ሰው የራሷ ሹመት ይመስለው ነበር። ኩራቱ አንድ ዓመት ያህል ቆየ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ሰበሰቡን። የሳይንስ ክበብ ልጆች ስለ ጽንፈ ዓለም አጀማመር የቪአር አኒሜሽን ሊሠሩ ነው አሉን። መነጽሩን ያጠለቀ ልጅ ሰማዩ መሐል የገባ ያህል ግራ ቀኙን፣ ላይ ታቹን ያያል። አራት መነጽሮች ከአንድ ኮሌጅ በውሰት መጥተዋል፤ ሥራውን የምትመራው ሚጡ ናት። አጨበጨብን። ርዕሰ መምህሩ ቀጠሉና ለሥራው ቦታ ስለሚያስፈልግ የእትዬ ቀለም ክፍል በቁም ሣጥን ለሁለት እንደሚከፈል፣ «የቆዩት ሥዕሎች» ደግሞ ወደ ዕቃ ቤት እንደሚሄዱ ነገሩን። ከጎኔ ነበረች። የአውራ ጣቷን ጥፍር ስትቧጥጥ አየኋት።

«ላም አለኝ በሰማይ!» አለችኝ ስንወጣ። «ወተቷን እናያለን።»

በምሳ ሰዓት ሚጡ ሳቋ ሳይከደን መጣች።

«እትዬ፣ ልጆቹ እኮ መሣል አይችሉም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ትዕይንት በወረቀት ማቀድ አለብን። አንቺ ሣዪልን።»

«ኮምፒውተርሽ ይሣልልሽ» አለቻት ቀና ሳትል።

«ተቆጣሽ እንዴ?»

«ምን ያስቆጣኛል? ሥራ አለኝ።»

ሥራ አልነበራትም። ያን ሰሞን የምትሠራው የድሮ ካርቶን ጫፍ ጫፉን መከርከም ነበር። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተቀምጣ እየከረከመች ጆሮዋን ወደ ማዶ ትጥላለች። ማዶ ሚጡና ሰባት ተማሪዎች ይከራከራሉ፦ ተመልካቹ የት ይቁም፣ መጀመሪያ ምን ይይ፣ ድምፅ ይኑር አይኑር። የሚጡ ሳቅ በተሰማ ቁጥር መቀሱ ይፈጥናል። እኔ በግድግዳው በኩል መቀሱን እየሰማሁ የሆዷን አውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ተስማሙ። ተመልካቹ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ከፊቱ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ከዚያ ትፈነዳና እሳቱ በጆሮ ግንዱ ሥር እያለፈ ይሄዳል። በደስታ ጮኹ። እትዬ ቀለም ግን መቀሷን አስቀምጣ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ላይ ያለውን ሳቅ አልወደድኩትም።

«ተሳስተዋል» አለችኝ። «ከሥር ከመሠረቱ!»

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይህንኑ ነገር በቻርት ስትሠራ የፊዚክስ መምህሩ ሦስት ጊዜ አስቀድደዋታል። «ፍንዳታ የሚለው ስም አያሳስትሽ» ብለዋት ነበር። «ከውጭ ቆሞ የሚታይ ርችት አይደለም። ያኔ ውጭ የሚባል ነገር የለም። ቦታው ራሱ ነው የተለጠጠው፣ በሁሉም በኩል፣ በአንድ ጊዜ።» እንግዲህ ልጆቹ ያቀዱት በትክክል ያንን ርችት ነው።

«ታዲያ ንገሪያቸዋ!»

«እኔ ምን አገባኝ? አሮጌ አይደለሁ? ከአሮጌ ሥዕል ጋር ዕቃ ቤት ያለሁ።»

አሥራ አንድ ቀን ዝም አለች። እሑድ እናታቸው ቤት ሲገናኙ እናትየው ስለ ሚጡ መነጽር አውርተው አይጠግቡም። «ሰማይን ቤት ድረስ ልታመጣው ነው አሉ! አንቺስ ልጄ፣ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ጠየቋት፤ ክፋት የላቸውም፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። «ካርቶን እቆርጣለሁ፣ እማዬ» አለች። ሰኞ ይህን ስትነግረኝ መቀሱን ከእጇ አላወረደችም።

ዕቅዱ ለመምህራን የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ልጆቹ ግድግዳው ላይ ሃያ አራት ወረቀት ለጥፈዋል፤ ሰዎቹ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ፣ ኮከቦቹ እንደ ጃርት የሾሉ። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አጥልቀው የመጀመሪያውን ትዕይንት ሙከራ አዩና «ወይ ጉድ!» እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ። ሁላችን ሳቅን። የሚጡ ፊት፣ እንደ ምን ልበላችሁ፣ እንደ ፋኖስ በርቶ ነበር።

እትዬ ቀለም ከኋላ እጇን አወጣች።

«መምህርት» አለች። የገዛ እህቷን! «ተመልካቹ የቆመው የት ነው?»

«ጨለማው ውስጥ ነዋ» አለች ሚጡ።

«ጨለማውስ የት ነው ያለው? ሁሉ ነገር ነጥቧ ውስጥ ከሆነ፣ እሱን ውጭ ማን አቆመው?»

ሚጡ ወደተለጠፉት ወረቀቶች ዞረች። የፊዚክስ መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁና «ልክ ናት። መነሻው መለወጥ አለበት» አሉ። የሚጡ ፊት እንደ ቲማቲም ቀላ። እትዬ ቀለም አገጯን ቀና አድርጋ ቆማለች፤ አሥራ አንድ ቀን ያደባችው ለዚች ደቂቃ ነው።

ያኔ ከልጆቹ አንዷ፣ የክበቡ ጸሐፊ፣ ማስታወሻዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ጠየቀቻት።

«እትዬ ቀለም፣ እኛ ስናቅድ እኮ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነበሩ። ለምን አልነገሩንም?»

በነገር አልነበረም። ልጅቷ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው። እትዬ ቀለም ወጥታ ሄደች።

እህትማማቾቹ ሁለት ቀን ተኮራረፉ። በሦስተኛው ቀን ሚጡ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በዚያ ግድግዳ በኩል ላለመስማት ጆሮ መንቀል ያስፈልጋል።

«እኔን አዋርጂኝ፣ እሺ። ልጆቹ ምን አደረጉሽ?»

መቀሱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ እትዬ ቀለም «ቀናሁብሽ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው አቃሰተች።

«አውቃለሁ። ከሰኞው ስብሰባ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ደስ ስላለኝ ነዋ!» አለች ሚጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ 'የእህትሽን እጅ ቢሰጥሽ' እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን እንኳ አንቺ በእኔ ብትቀኚ ምናለበት?»

ተሳሳቁ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። አልተሳሳቁም። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያም የእትዬ ቀለምን ድምፅ፦ «በይ ያን ጃርት የመሰለ ኮከብ አንሺልኝ፤ ዓይኔን ወጋው።»

ለሦስት ሳምንት ከልጆቹ ጋር ሠራች። አዲሱ መነሻ ጨለማ የለበትም። መነጽሩን ስታጠልቁ በየአቅጣጫው የሚያንጸባርቅ ጉም ብቻ ነው፣ የራሳችሁ እጅ እንኳ አይታይም፤ ከዚያ ጉሙ በሁሉም በኩል እኩል ይሳሳና ብርሃን መንገድ ያገኛል። እኔ አልቅሻለሁ። የክበቡ ጸሐፊዋ ልጅም መልሷን ባታገኝም ከእትዬ ቀለም ብሩሽ አያያዝ ተማረች።

ቅናቱ ግን ለቀቃት ወይ? አለቀቃትም። ወላጆች ሥራውን መጥተው እንዲያዩ የሚበተነው አርባ የጥሪ ወረቀት ታትሞ ሲመጣ የሚጡ ስም ብቻ ነበረበት። እትዬ ቀለም አነበበችው፣ ገለበጠችው፣ ጀርባውንም አየችው። ከወር በፊት ቢሆን ካርቶን መከርከም ትጀምር ነበር። አሁን ግን አርባውንም ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ፣ ቀጭን ብዕሯን አውጥታ፣ ከሚጡ ስም ግርጌ «ሥዕል» ብላ የራሷን ስም አንድ በአንድ ጻፈችበት፣ ከታተመው በሚያምር ፊደል። ሚጡ አጠገቧ ቆማ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ ትል ነበር።

«ፊደልሽ ከእኔ ስም በለጠ እኮ» አለቻት።

«ይብለጥ!» አለች እትዬ ቀለም፣ ቀጣዩን ወረቀት እየሳበች።