አርባ አንዱ ቋጠሮ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ፋው ስሄድ ነው። ልረሳው አልቻልኩም፤ ክር በእጄ ሳልይዝ የምውልበት ቀን የለምና። ሥራዬ ገዳሪፍ ገበያ፣ መጋዘን ውስጥ፣ የሰሊጥ ጆንያ አፉን መስፋት ነው።

ልጄ ትርንጎ መዳኒ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ጦርነቱ መዳኒ ሲገባ ስልኳ ጠፋ። የቀረኝ ጸሎት ብቻ ሆነ። እናቴ አገር ቤት "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ"ን አርባ አንድ ጊዜ ማለት አስተምራኛለች። መቁጠሪያ ስላልነበረኝ ከጆንያው ሲባጎ ቆረጥኩና አርባ አንድ ቦታ ቋጠርኩት። አንዱን ቋጠሮ ይዤ አንድ ጊዜ እላለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ስሰፋም፣ ውሃ ስቀዳም አፌ ከሱ አይለይም። ካቆምኩ ልጄ የምትሞት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የማውቀው ሾፌር መጥቶ "ልጅሽን ፋው አግኝቻታለሁ፣ ተፈናቃዮች ያረፉበት ትምህርት ቤት ናት። ለእናትሽ እነግርልሻለሁ ብያታለሁ" አለኝ። በነጋታው በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለሰው የማሳየውን ፎቶዋን እንዳይታጠፍ ካርቶን ላይ አድርጌ፣ በዚያው በባለቋጠሮው ሲባጎ ጠምጥሜ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ሁላችንንም አወረዱን። አንድ ወታደር የያዝሽውን አውጪ አለኝ፤ አወጣሁ። ሲያየው እጁን ሰበሰበና ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

"ሲህር" አለ። ድግምት ማለቱ ነው። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ሌላውን አረብኛ ግን ፈጥነው ሲያወሩት አልይዘውም።

ከአውቶቡሱ አብረውኝ የወረዱ ሐጂ ይማም የሚባሉ የደንቢያ ሰው፣ ገዳሪፍ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ መጥተው ያስተረጉሙልኝ ጀመር።

"ይህቺን ልጅ ለምን አሰርሻት? ይልሻል።"

"ልጄ ናት፣ አባቴ። የምጸልይበት ነው በሉልኝ።"

ሐጂ የራሳቸውን ሙስበሃ፣ የዶቃ መቁጠሪያቸውን፣ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩት። ወታደሩ ራሱን ነቀነቀ።

"ያ ዶቃ ነው፣ ይሄ ቋጠሮ ነው ይላል" አሉኝ። "እኛ ሙስሊሞች ክር ቋጥሮ እፍ የሚል ሰው እንፈራለን። እሱም ፈርቶ ነው። አለቃው ጋ ሳይወስድሽ በእጅሽ ፍቺው።"

መሬት ላይ ተቀምጬ መፍታት ጀመርኩ። እኔ ጆንያ ሰፊ ነኝ። ከመኪና ላይ ቢወረወር የማይለቅ ቋጠሮ ነው የምቋጥረው። ላቤን ጠጥቶ ደግሞ ድንጋይ ሆኗል። ጥፍሬ አልችል ሲል በጥርሴ ያዝኩት። ወታደሩ ጮኸ።

"አፍሽን አታስጠጊው፣ እፍ ያልሽበት መሰለው" አሉ ሐጂ። "ምን ዓይነት እጅ ነው ያለሽ፣ አንቺ ሴት? ግመል ልታስሪበት ነበር?"

"ምላጭ ይስጡኝና ልቁረጠው።"

"አይሆንም ይላል። ካልተፈታ ድግምቱ አይከሽፍም ነው የሚለው።"

በየቋጠሮው አንድ "እግዚኦ" እያልኩ ፈታሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። ሃያውን አለፍ እንዳልኩ አውቶቡሱ ሄደ። ሐጂ ዕቃቸውን አውርደው ከኔ ጋር ቀሩ። "ይሂድ። የኔ ዕቃ ነገም ይሸጣል" አሉ።

የመጨረሻውን ስፈታ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ወታደሩ ክሩን አቃጠለና ፎቶውን መለሰልኝ። አንድ ነገርም አለኝ። "አላህ ልጅሽን ይመልስልሽ ነው ያለሽ" አሉኝ ሐጂ። ከልቡ ይመስል ነበር።

በእህል መኪና ፋው ገባን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ የትግራይ ሴት ፎቶውን ተቀብላ አየችው።

"ትርንጎ ናት" አለች። "ከኔ ጋ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። እናቴ ትመጣለች ብላ ዛሬ የገዳሪፉን አውቶቡስ ስትጠብቅ ዋለች። አውቶቡሱ ደረሰ። የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሌሎቹን ተፈናቃዮች የሚወስደው ሎሪ ላይ ወጣች።"

"ወዴት ነው የወሰዳቸው?"

"ማን ይነግረናል፣ እህቴ። ካሰላ ያለም አለ፣ ሾዋክ ያለም አለ።"

ሾዋክ ሄድኩ። ኡም ጋርጉር ካምፕ ሄድኩ። ካሰላም ደረስኩ። የለችም።

ሐጂ አንዳንዴ መጋዘኑ ብቅ ይላሉ። በቀደም ሙስበሃቸውን ዘርግተው "ባንቺው ጸሎት ቁጠሪበት፣ ዶቃ ማንም አይነካብሽም" አሉኝ። አመስግኜ መለስኩላቸው።

ወታደሩን አልረግመውም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አርባ አንዱንም በገዛ እጄ የፈታሁት እኔ ነኝ። ልጄን ይዟት የኖረው ያ ክር ቢሆንስ እላለሁ። እናቴ እናቴ ስትል ቆይታ፣ ጥላኝ ቀረች ብላ ሄዳ ቢሆንስ እላለሁ።

አሁን ጸሎቱን በባዶ እጄ ነው የምለው። ቁጥሩ ይጠፋኛል። ሠላሳ ልበል አርባ አላውቀውም። ሲጠፋኝ ከአንድ እጀምራለሁ። አርባ አንድ ከደረስኩ ቆየሁ።