የጓሮው ተከራይ

ልብስ ሰፊዋ ጓሮዋ ያለችውን ክፍል ያከራየችው ሰውዬ ጢሙ ሸብቷል፤ አንደበቱ ግን የሕፃን ነው። እናቱ እጁን ይዛ ባሕር ያሻገረችው ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ስለነበር ያገሩ ቋንቋ አብሮት አላደገም። ያ ግንድ የሚያህል ሰው "እማማ፣ ሆዴ እራበው" ሲላት ሳቋ ያመልጣታል።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ ግባ ካላሉት አይገባም። ብርድ ልብሱን ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ ያጥፋል።

አንድ ከሰዓት የኮቱን ቁልፍ ስትተክልለት ስላደገበት ሰፈር አጫወታት። ዝናብ ሲያባራ ከዳቦ ቤቱ ስለሚወጣው ሽታ፣ እናቱ በመስኮት ስትጠራው ስሙን እያጣመሙ ስለሚያስተጋቡት ጓደኞቹ እያወራ ፊቱ በራ።

"ታዲያ ምን አመጣህ?"

"ሰው ገደልኩ" አላት፣ ብርጭቆ እንደሰበረ ልጅ አቀርቅሮ። "ተጣላንና ወጋሁት። ታሰርኩ። እስሬን ስጨርስ ወዳገርህ ሂድ ብለው በአውሮፕላን ላኩኝ።"

መርፌዋ ቀጥ አለ። እሷም የወንድ ልጅ እናት ናት።

"በደሉኝ ትላለህ?"

ቀና አለ።

"የገደልኩት ልጅ እናት እዚያው ሰፈር ናት። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እኔን ከምታይ እዚህ ብሆን ይሻላል። ግን የኔም እማዬ እዚያ ናት። አርጅታለች።"

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ኮቱን አራግፋ አለበሰችውና እሷው ራሷ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈችለት።