ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ጭቅጭቅ

«ዋከሩን አምጡ!»

«ዋከር አይባልም! ኮምፓክተር ነው!»

ዛሬ ጠዋት ሮቫ ቴት ቫቭ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሁለቱ ካብላኖቻችን፣ ተቋራጮቹ ማለቴ ነው፣ በአንድ ማሽን ስም ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። አንዱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። የግቢውን ድንጋይ የምናነጥፈው እኛ ነን፤ የሚያዙት እነሱ።

ማሽኑ የተነጠፈውን ድንጋይ እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው ነው። የት እንዳለ በደንብ አውቃለሁ። ጆንያ ጣል አድርጌበት ተቀምጬበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት እኔና አብረውኝ ድንጋይ የሚያነጥፉት አባ ታከለ በአማርኛ ስንጫወት ካብላኖቹ ሰምተው «እኛን እያማችሁ ነው» አሉን። ከዚያ በአባቴ ዕድሜ ባሉት ሰው ላይ «ራክ ኢቭሪት!» ብለው ጮኹባቸው። ሥራ ላይ ዕብራይስጥ ብቻ ማለታቸው ነው።

(እውነት ለመናገር፣ እያማናቸው ነበር።)

ዛሬ ታዲያ ሁለቱም ወደኛ ዞረው በእንግሊዝኛ ሲጮኹ፣ እጄን አጣጥፌ «ራክ ኢቭሪት» አልኳቸው።

ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። የማሽኑን ስም በዕብራይስጥ አንዳቸውም አያውቁትም! እንግሊዛዊው ጎንበስ ብሎ «ድድድድድ» እያለ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሜሪካዊውም ተከተለው።

አባ ታከለ አንጀታቸው አልችል አለ። «ተው ልጄ፣ ተነሥላቸው» አሉኝ፣ በአማርኛ።

«ቆዩ አባ፣ ትንሽ ይንቀጥቀጡ» አልኳቸው፣ እኔም በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ።

ካብላኖቹ «ራክ ኢቭሪት» ማለቱን ትተው «ድድድድድ» ማለታቸውን ቀጠሉ።

እናንተስ፣ አለቃችሁን በገዛ ሕጉ ይዛችሁት ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ።

በፈለጋችሁት ቋንቋ።