ለአባቴ አፈር የጠፋበት ቀን

ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልገምት ብል መዋሸት ይሆንብኛል። በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ወሩም ነሐሴ ነው። ነሐሴ መሆኑን የማልረሳው፣ ከቢላ ስመለስ ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀን ከነበቅሎዎቼ ዳር ላይ ስላስቀመጠኝ ነው። እነዚያ ሁለት ቀኖች ባይኖሩ አባቴን በሕይወት አገኘው ነበር።

ሥራዬ ጭነት ነበር። ከጊምቢ ቡና ወደ ነቀምት፣ ከነቀምት አሞሌና አቡጀዲ ወደ ቢላና ከዚያም ወዲያ። እውነቱን ለመናገር ለእንጀራ ብቻ አልነበረም፤ መንገድ ይጥመኛል። አንድ ቤት ሁለት ሳምንት ከተቀመጥኩ ሰውነቴ ይከብደኛል፤ እህል አልወርድ ይለኛል። አባቴ፣ “በቅሎዎቹን የምትነዳ ይመስልሃል፤ እነሱ ናቸው አንተን የሚነዱህ” ይለኝ ነበር። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረ ነው። የማውቀውን ያወቅሁት ከመንገድ ነው።

መንገድ ካስተማረኝ አንዱ የማተብ ነገር ነው። ከሸዋና ከጎጃም የመጡት ሰዎች ቤት ባዶ አንገትህን ይዘህ ብትገባ፣ ውሃ የጠጣህበትን ዋንጫ ወስደው ያጥቡታል። የወንጌል አማኞቹ ቤት ማተብ አስረህ ብትገባ ደግሞ ራት ከመቅረቡ በፊት ስለ ነፍስህ ይጸልያሉ፤ ጸሎቱም ወጡ እስኪቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ የኔ ማተብ ኪሴ ውስጥ ነበር የሚኖረው። የከተማው መግቢያ ላይ እንደ ቤቱ አይቼ አስራለሁ፤ ስወጣ እፈታለሁ። ብዙዎቻችን የወለጋ ነጋዴዎች እንዲህ ነበርን። ብልሃት መስሎን ነበር።

አባቴ ግን እንዲህ አያውቅበትም። እናቴ ከሞተች በኋላ ወደ ወንጌላውያኑ ገባ፤ ማተቡን ፈታ፤ በኦሮምኛ የተጻፈውን መጽሐፍ ከየትም አምጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ማንበብ ጀመረ። ያኔ ይህ ሁለት ጥፋት ነው፤ አንዱ በሃይማኖት፣ አንዱ በቋንቋ። ሹሙ አስጠርቶ በመንግሥት ቋንቋ ካልሆነ አታንብብ አለው። አባቴ አማርኛ የሚያውቀው ለገበያ ያህል ነው። አንድ ሽማግሌ በገዛ ደጁ፣ በገዛ አፉ ፈጣሪውን እንዳይጠራ መከልከል ምን ይባላል? እኔ እስከ ዛሬ ስሙን አላገኘሁለትም። አባቴ ከዚያ ወጥቶ፣ ቤቱ ገብቶ ካቆመበት ቀጠለ።

ከኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእናትህ አጠገብ አሳርፈኝ ይለኝ ነበር። እናቴ ያለችው እኛ ሰፈር፣ ከጉቴ ትንሽ ዘልቆ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ አጥሩ ሥር ነው።

ስደርስ ረፋድ ነበር። ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ኩታቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አባቴ ሌሊቱን አርፏል። የገረመኝ ግን መቆፈሪያ የያዘ ሰው አለማየቴ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተህ ሁሉም ተቀምጦ ካገኘኸው ነገር አለ ማለት ነው። የአባቴ የጸሎት ወንድሞች አቀርቅረው ነገሩኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ማተቡን በገዛ እጁ የፈታ ሰው በቅጥሬ አይገባም ብሏል።

ከነጭቃዬ ወደ ገበዙ ሄድኩ። እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እናቴ እዚያ መሆኗን፣ አባቴም በወጣትነቱ ያንን አጥር ካጠሩት አንዱ እንደነበረ ነገርኩት። አጥሩን ማጠሩን አመሰገነ። መቃብሩን ግን ከለከለ።

ወንጌላውያኑ የራሳቸው መቃብር ገና አልነበራቸውም፤ የሞተባቸውን በየማሳቸው ነበር የሚቀብሩት። እኛ ደግሞ ማሳ የለንም፤ ጭሰኞች ነን። ስለዚህ የባለርስቱ ምስለኔ ዘንድ ሄድኩ። ይህ ሰው ከኛው ወገን ነው። በኛው ቋንቋ አካም ጅርታ ብሎ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ተቀበለኝ፤ ስለ አባቴ ደግነት ብዙ አወራ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

“ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ አባትህን ትቀብራለህ። ነገ የአባቴ አጥንት ያረፈበት መሬት ነው ብለህ ችሎት ትቆማለህ።”

“አልቆምም” አልኩት።

“አንተ ባትቆም ልጅህ ይቆማል። መቃብር ምስክር ነው።”

ውሸት አልተናገረም፤ ንዴቴም ከዚያ ነው። በአገራችን ርስት ሲከራከሩ መጀመሪያ የሚጠራው ምስክር የአያት መቃብር ነው። አባቴ ያንን መሬት ዕድሜ ልኩን አርሷል፤ ከምርቱም እየከፈለ አብልቷቸዋል። በሕይወቱ ሳለ ማንም አልፈራውም። ሲሞት ፈሩት።

ቀኑ እየገፋ፣ ሰማዩ እየጠቆረ፣ እንደገና ገበዙ ዘንድ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ነው አንገቴን ያየው። ቢላ ያደርኩበት ቤት ያሰርኩትን ማተብ ሳልፈታው መጥቻለሁ። ፊቱ ፈካ አለ። ለካ ያንተ ክር ደህና ነው አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መፍትሔ ሰጠኝ፤ ማተቤን ፈትቼ አባቴ አንገት ላይ ላስርለት፣ በመጨረሻ ሰዓቱ ተመልሷል ብዬ በሽማግሌዎች ፊት ልናገር፤ እሱ የቀረውን ይጨርሰዋል። እናትህ አጠገብ ይተኛል አለኝ።

አመስግኜው ሄድኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ጉልበቱን ስሜ አመሰገንኩት።

ቤት ስገባ ሬሳው አጠገብ አንዲት ባልቴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ባሏ ከጎጃም ከአገረ ገዥው ጭፍሮች ጋር መጥቶ እዚህ መሬት የተሰጠው ወታደር ነበር። እሱ ሲሞት ለሷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘች ጓሮ ቀረቻት። ቆብ ጭና ለቤተ ክርስቲያኑ የመገበሪያ ስንዴ ትፈጫለች። እናቴ ስትታመም ያስታመመቻት እሷ ናት። ማተቤን ስፈታ ታየኛለች። የአባቴን ራስ ቀና ሳደርግ እጄን ያዘችው።

“ምን ልታደርግ ነው?”

ነገርኳት። ገበዙ እንዳለኝ፣ ከእናቴ እንዳይለይብኝ ብዬ እንደሆነ።

“እኔ በዚህ ክር እሞትለታለሁ” አለች የራሷን ማተብ ይዛ። “እሱ ደግሞ ያለ ክር ሞተ። የሞተ ሰው አፍ የለውም ልጄ፤ አታስዋሸው።”

“ታዲያ የት ልውሰደው አዮ?”

አዮ በኛ አገር እናት ማለት ነው፤ ኦሮምኛዋ የተሰበረ ቢሆንም ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራት።

“ጓሮዬ ቆፍር። እናትህ ያለችው ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ አንተ ከአጥሩ ወዲህ ቆፍር። በመሃል ያለው እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ ይበሰብሳል።”

ቆፈርን። ምስለኔው በቅሎውን አቁሞ አየንና ሄደ፤ መሬቱ የጌታው አልነበረማ። ገበዙ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ እመት፣ ነገ መቃብሩ መሬትሽን ይወስድብሻል አላት። እሷም ከባለቤቱ ወስደው ለባሌ ሲሰጡት ማን ጠየቀው ብላ አፈሩን በእጇ ማልበስ ቀጠለች። የአባቴ የጸሎት ወንድሞች በኦሮምኛ ዘመሩ። ዝናቡ የመጣው ስንጨርስ ነው።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች የመገበሪያውን ስንዴ ወሰዱባት። ዓመታት ሙሉ በጾም በጸሎት ስትፈጨው የኖረችውን፣ ከሱ ሌላ የምትመካበት የሌላትን ሥራ፣ እጅሽ አይንካው አሏት። እኔን የሚያንገበግበኝ ከአባቴ ይልቅ ይሄ ነው። አንዳንድ ጎረምሳ ዛሬ ይመጣና፣ በደሉን ያደረሱት እነ እገሌ ናቸው፣ ከወዲያ የመጡት ናቸው ይለኛል። እሰማዋለሁ። ግን በቋንቋዬ ያባረረኝን ሰው ምን ላድርገው? ልጆቼም አርጅተሃል፣ ይቅር በል ይሉኛል። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ማንን ይቅር ልበል?

ማተብ ከዚያ ወዲያ ኪሴ ውስጥ አልያዝኩም። በባዶ አንገቴ ጊምቢም ቢላም ሄድኩ። ዋንጫውን ያጥቡት ነበር፤ ይጠቡት። ከመንገድ በተመለስኩ ቁጥር ግን ጭነት ሳላራግፍ መጀመሪያ የምደርሰው እዚያች ጓሮ ነው፤ ጨው ይዤላት፣ አንዳንዴም ነጠላ። አጥሩን ማንም ሳያድሰው ቀረ፤ እንዳለችውም በሰበሰ።

ያን ቀን ማን ቀና አድርጎ አቆመህ ብትሉኝ፣ ስንዴዋን የተነጠቀችው የመገበሪያ ፈጪ፣ የጎጃሟ ባልቴት፣ አዮ ናት።